ማሽኑ ነው ወይስ እጄ

ደጊቱ የኪቦርዱን ረጅም ቁልፍ በመዳፏ መታችው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ወጣ። ደግማ መታችው። ቀይ። እንደገና ስትመታው ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠና ማውዙ መሬት ወደቀ።

“ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ከበሮ አይደለም እኮ!” አለች ሶስና ማውዙን እያነሳች። “በጣት ነው የሚነካው።”

“በጣት የሚመታ ነገር ሰምቼም አላውቅ። አሁን ምን አለ?”

“ቀይ ነው።”

“ቀይ ምንድን ነበር?”

“ዘግይተዋል ማለት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ቀድመዋል። አረንጓዴ ከሆነ ልክ ነው።”

“አረንጓዴም አለው?” አለች ደጊቱ። “እኔ እስካሁን ያየሁት የበርበሬ ስጥ ነው።”

ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነበር። ቦታው እንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የሶስና ጌም ቤት ነው። ጌም ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ኮምፒውተሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ የተሰበረው መስኮት ላይ ላስቲክ ተወጥሯል፤ ላስቲኩ ንፋሱን እንጂ ብርዱን አይከለክልም። ጠዋት ጠዋት ደንበኛ የለም። ደጊቱ በዚያው ግቢ፣ ከጌም ቤቱ ጀርባ ካለው ክፍል ትኖራለች። የመጣችው ሶስና ስለለመነቻት ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። ዘፈን ይከፈታል። ከስክሪኑ አናት ክብ ምልክቶች ወደ ታች ይወርዳሉ። ምልክቱ ከታች ካለው መስመር ላይ ሲደርስ፣ ከዘፈኑ ምት ጋር እኩል ቁልፍ መምታት ነው። ምልክቱና ድምፁ ካልተገናኙ ጨዋታው ጨዋታ አይሆንም። በሶስና ኮምፒውተሮች ላይ ግን አልተገናኙም ነበር። ልጆቹ ትንሽ ሞክረው “ድምፁ ይዘገያል” ይሉና ወደ ኳስ ጌሙ ይመለሳሉ።

ጨዋታው ለዚህ የሚሆን ማስተካከያ አለው። ኮምፒውተሩ “ጠቅ፣ ጠቅ” ይላል፤ ሰው አብሮ ይመታል፤ ማሽኑ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ይለካና ምልክቶቹን በዚያው ልክ ያዘገያቸዋል። ሥራው የማይሳሳት እጅ ይፈልጋል፤ ባለፈው ወር ልጆቹ ቢሞክሩትም አልተስተካከለም። ሶስና በዚያ ግቢ ውስጥ እንደዚያ ያለ እጅ እንዳለ ታውቃለች። ያላወቀችው፣ ደጊቱ እሺ ያለችው በራሷ ምክንያት መሆኑን ነው።

ደጊቱ የተወለደችው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ከሚኖሩ ገበሬዎች ነው። ትምህርት ቤት እስክትገባ ድረስ ከአገውኛ ሌላ አታውቅም ነበር። ከበሮ የጀመረችው በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌ ኪነት ነው። የኪነቱ ከበሮ መቺ ለውትድርና ተወሰደ፤ በማግስቱ ሰልፍ ነበር። “ማን ይመታል?” ተባለ። ደጊቱ መታች። ሥርዓቱ ሲወድቅ ኪነቱም ፈረሰ፤ ከበሮው እሷ ቤት ቀረ፤ የጠየቃት የለም። ከዚያ ወዲህ የመታችው ሰርግ ላይ ነው። አግብታ ፈታች። ልጅ አልወለደችም። ሰርግ በሌለበት ወቅት የሰው ልብስ ታጥባለች። በከተማው ውስጥ የአባቷን ስም የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። “ደጊቱ ከበሮ” ካሉት ግን ባጃጅ ነጂው ሳይጠይቅ ግቢዋ ድረስ ያደርሳል።

ክረምቱ ላይ ታመመች። አንድ ጠዋት ልብስ እየጨመቀች ሳለ ቀኝ ጎኗ ከዳት፤ አፏም ተጣመመ። ሐኪሙ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ነው፣ ቀላል ስትሮክ ነው አላት። ሆስፒታል ተኛች። ጸበል ገባች። አፏ ተመለሰ። እግሯ ተመለሰ። እጇም የተመለሰ መሰላት፤ ኩባያ ታነሳለች፣ ልብስ ትጨምቃለች፣ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች።

ከገና ጾም በፊት በነበረው የመጨረሻ ሰርግ መታች። ሰርጉ ሲያልቅ የቡድኑ መሪ ነጋ ማሲንቆውን እየጠቀለለ ቀና ሳይል አነጋገራት።

“ዘፈኑን ወደ ኋላ እየጎተትሽው ነው።”

“አዳራሹ ነው” አለች። “ያ ሁሉ ስፒከር ተደርድሮ ድምፁ እየዞረ ነው የሚመጣው።”

ነጋ አልተከራከረም። ጥር ላይ ዳንግላ ትልቅ ሰርግ እንዳለ፣ ከዚያ በፊት ቅዳሜ ቀን ልምምድ እንደሚያደርጉ ነገራት። “ምሥራቅም ትመጣለች” አለ። “ሁለታችሁም ትመታላችሁ።”

ምሥራቅ ወጣት ናት። ከበሮ መምታት ያስተማረቻት ራሷ ደጊቱ ናት። “ሁለታችሁም” የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳት አላስፈለጋትም።

ስለዚህ ሶስና “ማሽን የሚያስተካክል እጅ” ስትላት ደጊቱ ወዲያው ተነሳች። ነጋን መጠየቅ አትችልም፤ ነጋ ያዝንላታል። ሰርገኛውን መጠየቅ አትችልም፤ ሰርገኛ ጠጥቷል። ማሽን ግን አያዝንም፣ አይጠጣም። ቅዳሜ ሳይደርስ እጇ ደህና መሆን አለመሆኑን ከእሱ ትሰማለች።

ማሽኑ ቆጥሮ ጨረሰ። ሶስና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

“ሩብ ሰከንድ ያህል” አለች።

“ብዙ ነው?”

“ለሰው ምንም አይደል። ለዘፈን ግን…”

“ስለ ዘፈኑ እንኳ አታስረጂኝ” አለች ደጊቱ። ቀኝ እጇን አየችና “ማሽኑ ነው ወይስ እጄ?” ብላ ጠየቀች።

“ምን ማለትዎ ነው? ማሽኑ ነው እንጂ! የእርስዎ እጅማ…” ሶስና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ አዲሱን ቁጥር አስገባች።

ከሰዓት በኋላ አስማረ መጣ። አስማረ የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ ከሶስና ደንበኞች ይህን ጨዋታ በደንብ የሚጫወተው እሱ ነው። የአካባቢውን ዘፈኖች ጨዋታው ውስጥ ያስገባውም እሱ ነው። አንድ ዘፈን ከፍቶ ግማሹ ሳይደርስ እጁን አነሳ።

“ይኼን ማነው ያስተካከለው?”

“ምነው?”

“ትናንት ይሻል ነበር። ዛሬ ዘፈኑ ዳንግላ ገብቷል፣ ምልክቱ ገና እዚሁ ቆሰበር ቆሞ ባጃጅ ይጠብቃል።”

ሌሎቹ ሳቁ። ሶስና አልሳቀችም። ደጊቱ በሩ ላይ ነበረች፤ የታጠበ ልብስ የያዘ ሳፋ ታቅፋለች። ሁሉንም ሰማች። ሳፋውን ይዛ ወደ ገመዱ ሄደች፤ ልብሱን አንድ በአንድ አሰጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሶስና እሷው ሄዳ በሯን አንኳኳች።

“እትዬ ይምጡ፤ ጥፋቱ የት እንዳለ ያገኘሁ መስሎኛል።”

ጥፋቱ ሶስና የምትኮራበት ዕቃ ነበር። ከባሕር ዳር ያመጣችው ቀይ ብሉቱዝ ስፒከር፤ ገመድ የለውም፤ መደርደሪያ ላይ ሆኖ ቤቱን ይሞላዋል። ሌሊቱን ስታስብ ያደረችው ስለሱ ነው። ኮምፒውተሩ ድምፁን ጠቅልሎ በአየር ይልካል፤ ስፒከሩ ተቀብሎ ይፈታና ያሰማል። ዘፈን ለሚሰማ ሰው ይህ አይታወቅም። አብሮ ለሚመታ ሰው ግን ድምፁ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

“አየሩ ነው ያዘገየው በይኝ” አለች ደጊቱ።

“መጠቅለሉና መፍታቱ ነው።”

“አዳራሹም እንደዚያ ይሆናል። እኔ ምን አልኩት? ስፒከሩ ነው አላልኩትም?” ይህን ያለችው ለሶስና አልነበረም።

ሶስና ስፒከሩን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አሮጌውን ባለገመድ ስፒከር አቧራውን ጠርጋ ሰካች፤ የትናንቱን ቁጥር አጠፋች። አስቀድማ ራሷ ሞከረች። አብዛኛው አረንጓዴ ሆነ። ወንበሩን ለደጊቱ ለቀቀች።

ደጊቱ መታች። ቀይ።

“ግን ፈዘዝ ብሏል” አለች ሶስና። “የትናንቱ ደም ነበር፤ ይኼ ትንሽ…”

“ቀይ ቀይ ነው ሶስዬ።”

ሶስና ሴቲንግ ውስጥ ገባች። ድምፅ ያሳምራል የሚባለውን ሁሉ እየፈለገች አጠፋች፤ አንዳንዱ ድምፁን ለማሳመር ሲል ያቆየዋል። ደጊቱ መታች። ቀይ። ሶስና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ዘጋች። ቀይ። ኪቦርዱን ቀየረች። ቀይ። ከዚያ መብራት ጠፋ።

ስክሪኑ ጨለመ። ሶስና ነጠላዋን ጆሮዋ ድረስ ጠቀለለችው። ውጭ የሚኒባስ ረዳት “ዳንግላ! ዳንግላ!” እያለ ይጣራል።

“እትዬ” አለች ሶስና፣ “ይኼ ነገር የጨዋታ ብቻ አይመስለኝም። ምን ሆነዋል?”

ደጊቱ ነገረቻት። የነጋን ቃል፣ ቅዳሜን፣ ምሥራቅን። ነገሩን ያወራችው የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታወራ ነበር። ጨርሳ ቀኝ እጇን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ ዘረጋችው፤ ጨበጠችው።

“ይኸውልሽ፣ ምንም አላጣም። ይዘረጋል፣ ይጨብጣል። ደህና አይደለም የሚል ካለ ያሳየኝ።”

“ምሥራቅን ይጠሏታል?”

“ልጄን እንደመጥላት ነው። ሥራዋን ታውቃለች። ያስተማርኳት የራሴን ሥራ መሆኑ ነው እንጂ።”

መብራቱ ረፋዱ ላይ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ እያጓራ ተነሳ። በዚህ ጊዜ ሶስና ስክሪኑን ትታ ደጊቱን ማየት ጀመረች። ጠቅታው ይሰማል። የደጊቱ ራስ በትንሹ ይነቀነቃል፤ ከዚያ እጇ ይወርዳል። ጠቅታ፣ ራስ፣ እጅ። ጠቅታ፣ ራስ፣ እጅ።

“እትዬ፣ ድምፁን ይጠብቁታል እንዴ?”

“ታዲያ ሳልሰማው ልምታ?”

“አብረው ነው የሚመቱት። እኩል።”

“እሱ ያወጣል፣ እኔ እቀበላለሁ። ምኑ ነው የጠፋብሽ? አውጪው ሳይጨርስ አፉ ላይ የሚጮህ ባለጌ ነው።”

ሶስና ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ቆመ። ባለፈው ወር ማሽኑን ለማስተካከል ያስቀመጠቻቸው ልጆችም እንደዚሁ ነበር የመቱት። ሁሉም ያደጉት አንድ ሰው ዘፈን ሲያወጣ ሌላው ጠብቆ በሚቀበልበት አገር ነው፤ ሰርግም ላይ፣ ሥራም ላይ። ጠቅታውን እንደ ዘፈን አውጪ አከበሩት። እስኪጨርስ ጠበቁት። ማሽኑ ጨዋነታቸውን መዘግየት ብሎ ቆጠረው፤ ምልክቶቹንም በዚያው ልክ ወደ ኋላ ሳበ። ወሩን ሙሉ አንዱ አስተካከልኩ ብሎ ሲያበላሽ፣ ሌላውም መጥቶ ሲያበላሽ የኖረው በዚህ ነበር።

“እትዬ፣ ሰርግ ላይ ነጋን እንደዚህ ይጠብቁታል?”

“ነጋን?” ደጊቱ ፊቷን አጨማደደች። “ነጋ ነው እኔን የሚጠብቀኝ። እኔ ካልረገጥኩለት እግሩን የት ሊያደርግ ነው?”

“እንግዲያውስ ይኼንን ነጋ ነው ይበሉት።”

ደጊቱ ማሽኑን ለአፍታ አየችው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋች፤ ጀርባዋን አቀናች። ሁለቱንም እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አወጣች።

“ነጋ ከሆነ ይሰማኝ” አለች።

ጠቅታው ጀመረ። ደጊቱ አልጠበቀችውም። ጥቂት ጠቅታ አሳለፈች፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በጆሮዋ ያዘች፤ ከዚያ በሁለት እጇ ተራ በተራ ትመታው ጀመር።

አረንጓዴ።

“አረንጓዴ!” ሶስና አጨበጨበች። “እትዬ፣ አረንጓዴ!”

ቀይ። አረንጓዴ። ቀይ። አረንጓዴ። ቀይ።

ሶስና ማጨብጨቧን አቆመች። ደጊቱ ግን መምታቷን አላቆመችም። ትንሽ እንደሄደች ቀኟን አነሳችና በግራዋ ብቻ መታች። አረንጓዴ ተከታትሎ ወጣ፤ አንድም ሌላ ቀለም አልገባበትም። ግራዋን አነሳች። በቀኟ ብቻ መታች። ቀዩ ከላይ እስከ ታች ሞላ።

“በቃ፣ ዝጊው” አለች።

“እትዬ፣ ስፒከሩም ነበር። መጠበቁም ነበር። ማሽኑ ልክ አልነበረም እኮ…”

“አልነበረም። አሁን ልክ ሆኗል።”

ሶስና አንድ ነገር ለማለት ያህል “ለማሽን ቢሆን ቁጥር እጨምርለት ነበር” አለች። “የዘገየውን ያህል ቀድሞ እንዲነሳ።”

ደጊቱ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ቆመች።

“ቀድሞ እንዲነሳ” አለች።

እስከ ቅዳሜ ድረስ በየጠዋቱ መጣች። ሶስና ማሽኑን ትከፍትላታለች፤ ዋጋ አትጠይቃትም፤ አታወራትም። ደጊቱ ቀኝ እጇን ከሐሳቧ ቀድማ ለመላክ ትታገላለች። እጁ ይዘገያል፤ እሷ የምታውቀውን ያህል ይዘገያል፤ ስለዚህ ያን ያህል ቀድማ ልታስነሳው ይገባል። በቃል ቀላል ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ግን እጇን አስባ አታውቅም። ዘፈኑን ነበር የምታስበው፤ እጇ ራሱ ያውቅ ነበር። አሁን እያንዳንዱን ምት እንደ ባልዲ ከጉድጓድ መጎተት አለባት። ምቱ ቀርፋፋ ሲሆን አረንጓዴ ታወጣለች። ፈጠን ሲል ይደባለቃል፤ አንዴ ቀይ፣ አንዴ ሰማያዊ። ስትደክም ሁሉም ቀይ ይሆናል። ያኔ በአገውኛ አንድ ነገር ትልና ተነስታ ወደ ልብሷ ትሄዳለች።

“ትንሽ ይረፉ” አለቻት ሶስና አንድ ጠዋት።

“ክረምቱን ሙሉ አርፌ ነው የመጣሁት።”

ቅዳሜ ልምምዱ ነጋ ግቢ ውስጥ ባለው የቆርቆሮ ቤት ነበር። ምሥራቅ ቀድማ ደርሳለች። ደጊቱን ስታይ ተነስታ ጉንጯን ሳመች፤ ከበሮውን ከትከሻዋ ተቀበለቻት።

“ምሥራቅ ትጀምር” አለ ነጋ።

“እትዬ እያሉ እኔ አልቀድምም።”

“ምቺ እባክሽ፤ አታስመርሪኝ” አለች ደጊቱ፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ምሥራቅ መታች። አልተሳሳተችም። ደጊቱ እያዳመጠች ስህተት ትፈልግ ነበር፤ አላገኘችም። ምቱ ደረቅ ነው፣ ገና አልበሰለም፣ ግን ቦታው ላይ ነው። ነጋ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ያለ ችግር ሄደበት።

ደጊቱ ከበሮውን አንገቷ ላይ አስገባች። ሰፊው ፊት እንደ ወትሮው በቀኝ፣ ጠባቡ በግራ። ነጋ ቀስ ያለውን የሙሽራ ዘፈን ጀመረ። ደጊቱ እጇን እየቀደመች ላከችው። ደረሰ። እንደገና ላከችው። ደረሰ። ምሥራቅ ፈገግ አለች። ነጋ ዘፈኑን ሳያቋርጥ ወደ ጭፈራው አሻገረው፤ ፈጠነ። ደጊቱም ፈጠነች። ጥቂት እንደሄዱ ነጋ ማሲንቆውን አወረደ።

“ዛሬ ደግሞ ትቀድሚያለሽ” አላት።

“እቀድማለሁ?”

“ባለፈው እየጎተትሽኝ ነበር፤ ዛሬ ጥለሽኝ ሄድሽ። የምን ጥድፊያ ነው? ሙሽራውን አንቺ ነሽ የምታገቢው?”

ደጊቱ ሳቀች። ሳምንቱን ሙሉ አልሳቀችም ነበር። ሳቋ ረዘመ፤ ምሥራቅ ግራ ገብቷት ወደ ነጋ አየች።

“ሰማያዊ ነው” አለች ደጊቱ ዓይኗን እየጠረገች።

“ምኑ?”

“ምንም። ነጋ፣ አዳራሹ አልነበረም። ቀኝ እጄ ነው።”

ነጋ የማሲንቆውን ጭራ በጣቱ ነካ፤ ያልላላውን ሊያጠብቅ ሞከረ።

“አውቃለሁ” አለ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከመስከረም።”

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ነገርኩሽ። አዳራሹ ነው አልሽ። አዳራሹ ይሁን አልኩ።”

ደጊቱ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የከበሮውን ማንገቻ ከአንገቷ አወጣችና አዞረችው። ሰፊውን ፊት ወደ ግራዋ፣ ጠባቡን ወደ ቀኟ አድርጋ መልሳ አጠለቀችው። ከበሮው እንደዚያ ተንጠልጥሎ ያየ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ምሥራቅ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

“ምን ልታደርጊ ነው?” አለ ነጋ።

“ለዳንግላው በዚህ እመታለሁ።”

“ሰው ይስቃል።”

“ይሳቅ። ሰርግ አይደል የመጣው?”

“ደጊቱ…”

“አውጣ!” አለችው።

ነጋ አወጣ። ደጊቱ ዋናውን ምት በግራዋ መታች። ግራዋ ያን ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ኃይል ያንሰዋል፤ ድምፁ እንደ ቀድሞው ቤቱን አያንቀጠቅጥም። ቀኟ በጠባቡ ፊት ላይ የሚመታውን ግማሹን ተወችው፤ ሊደርስበት የሚችለውን ብቻ አስቀረች። ዘፈኑ ጎደለ። ጌጡ ወደቀ። ግን ምቱ ቦታው ላይ ነበር። ነጋ ፈጠነ፤ አብራው ፈጠነች። ሊያሳስታት እንደሚፈልግ ሰው ቀስ አለ፤ እሷም ቀስ አለች። ሲጨርሱ ግራ ክንዷ ዝሎ ነበር። ከበሮው ላይ አስደግፋ ደበቀችው።

ነጋ የሚያስበው ስለ ደጊቱ ብቻ አልነበረም። የዳንግላው ሰርግ የሰው ሰርግ ነው፤ ሰርገኛው የሚያስታውሰው ሙሽሮቹን እንጂ የከበሮ መቺዋን ሕመም አይደለም።

“የዳንግላውን ምቺ” አለ በመጨረሻ። “ምሥራቅም አብራን ትሄዳለች። ሲደክምሽ ትቀበልሻለች።”

“ሲደክመኝ የምነግርህ እኔ ነኝ።”

“አንቺ ንገሪኝ።”

“አንተ አይተህ እንዳትነጥቀኝ።”

“አልነጥቅሽም አልኩሽ እኮ!”

ምሥራቅ ከበሮውን ልትይዝላት እጇን ዘረጋች። ደጊቱ አልሰጠቻትም። ራሷ ተሸክማ ወጣች፤ በግራ ትከሻዋ። መንገድ ላይ የልብስ ሳሙና ገዛች። ግቢ ስትደርስ ጌም ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ አስማረ ቆሞ እየጮኸ ይጫወታል፤ ከኋላው ያሉት ያጨበጭባሉ። ሶስና አይታት ወደ በሩ መጣች።

“እንዴት ሆነ እትዬ?”

“ዳንግላ እሄዳለሁ” አለች ደጊቱ። “ደክሞኛል፤ ልተኛ።”

የዳንግላው ሰርግ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ተደረገ። ደጊቱ ከበሮውን አዙራ መታች፤ ሙሽራው ቤት እስኪገባ ቆየችና ለምሥራቅ አስረከበች። በሚያዝያ ለመጣው ሌላ ሰርግ ግን ነጋ ምሥራቅን ብቻ ጠራ።